የአምስት መቶ ሦስት ተራ

«አምስት መቶ ሦስትን እንዝለለው። ቀጥታ ወደ አምስት መቶ አራት ይለፍ» ሲሉ ሰማኋቸው፣ አቶ ኖዛኪን። አምስት መቶ ሦስት የኛ ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የታሰረ ካርቶን አቅፌ ደረጃው ሥር ቆሜያለሁ፤ እነሱ ከፖስታ ሳጥኖቹ ወዲያ ናቸው፣ የነዋሪዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ኖዛኪና የጎን ጎረቤቴ ወይዘሮ ኦጋታ። «አዎ፣ እሱ ይሻላል፤ ለሳቸውም ይከብዳቸዋል» አሉ ወይዘሮ ኦጋታ። ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ያበሸቀኝም እሱ ነው። ክፋት ቢኖርበት መልስ አላጣም ነበር። ቻይና፣ ሼንያንግ ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ለክፉ ሰው የሚሆን ቃል በየኪሴ አለ። ለሚያዝንልኝ ሰው የሚሆን ቃል ግን በጃፓንኛ ቀርቶ በቻይንኛም አልተማርኩም። ካርቶኔን ይዤ ወደ ላይ ተመለስኩ።

ተራው የሚያስቀና ነገር ሆኖ አይደለም። በየፎቁ ስምንት ቤት አለ፤ በየዓመቱ ሚያዝያ ሲገባ አንዱ ቤት የፎቁ ተረኛ ይሆናል። ተረኛው ቁራ ቆሻሻውን እንዳይበታትነው መረብ ይዘረጋል፣ የሚቃጠለውን ከማይቃጠለው የደባለቀ ሰው ሲገኝ በሩን ያንኳኳል፣ ከቤት ቤት የሚዞረውን ማስታወቂያ ያዞራል፣ ግቢው በሚታረምበት እሑድ ከሁሉም ቀድሞ ይገኛል። ሰው ሁሉ ተራው ሲደርስ ወገቡን ይዞ ያቃስታል። አምፑል የማይቀይረው የአምስት መቶ አንዱ ወንደላጤ እንኳ ሠርቷል፤ ዘንድሮ ወይዘሮ ኦጋታ ናቸው፣ እየጨረሱ ነው። ልጄ ቦዌን ይህን ቤት ከተከራየ ስድስት ዓመቱ፣ እኔ ከመጣሁ ሁለት፤ ተራው እኛ በር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ነው። ሊዘሉን ነው። ከኛ ቀጥሎ ያሉት ደግሞ አቶ ሳኩማ ናቸው፤ የሰማንያ አራት ዓመት ሰው፣ በከዘራ የሚሄዱ፣ አሳንሰሩ በተበላሸ ቁጥር እስኪጠገን ከቤታቸው የማይወጡ። እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አሥር ኪሎ ሩዝ ተሸክሜ አምስት ፎቅ እወጣለሁ። በዚህ ሕንጻ ሚዛን ከአንድ ከዘራ እንደማንስ ያወቅሁት በዚያ ጠዋት ነው።

ምራቴ ሕፃኗን ይዛ ቻይና፣ ዳሊያን ወላጆቿ ዘንድ ስለሄደች ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ቦዌን ብቻ ነን። ሁለት ሰው ሲቀር ያቺ ቤት ትሰፋለች ብዬ ነበር፤ ጠበበች። ዝቅ ያለችው ጠረጴዛ ላይ የሩዝ ገንፎ፣ የኮመጠጠ ጎመንና ሁለት እንቁላል አቀረብኩ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ቃል እየጻፍኩ የምለጥፋቸው ወረቀቶች፣ በረንዳው ላይ የሱ አምስት ነጭ ሸሚዞች፣ መሐል ላይ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ልጄ። የሰማሁትን ነገርኩት። ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ቆመ፤ ዓይኑን ግን ከስልኩ አላነሳም።

«እና ተገላገልሽ፣ እማ። ዓመት ሙሉ የሰው ቆሻሻ ስታገላብጪ ልትኖሪ ነው?»

«ታዲያ አቶ ሳኩማ ያገላብጡ?»

«ተይው በናትሽ። እዚህ አገር ዝም ያለ ሰው ነው የሚወደደው። አንድ ስህተት ብትሠሪ የሚያዩት አንቺን አይደለም፣ ቻይኖቹን ነው።»

ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ። ገንፎውን ጨረሰ፤ ተነሣና ሳህኑን ራሱ አጠበ፣ ራሱ አደረቀ፣ ራሱ መደርደሪያው ላይ መለሰው። በሥራ ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። ከልጅ ጋር ሲኖሩ ብዙ ነገር ድካም ነው እየተባለ ይታለፋል።

አራት ሰዓት ላይ ጃፓንኛ ክፍል ገባሁ። ከጣቢያው ጀርባ ባለው የሕዝብ አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ በየቅዳሜው ይሰጣል፤ ለሻይና ለፎቶ ኮፒ ሁለት መቶ የን ይከፈላል፣ አስተማሪዎቹ በነጻ ነው የሚያስተምሩት። የኔ መምህርት ወይዘሮ ኩሮዳ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። አጠገቤ የሚቀመጠው ኔፓላዊ የሆቴል አብሳይ ነው፤ እሱ ጃፓንኛን እንደ ሬዲዮ ያንበለብለዋል፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ስም ግን ማንበብ አይችልም። እኔ ተቃራኒው ነኝ። እኛ ቻይኖች የፊደሉን ግማሽ ከአገራችን ይዘነው ስለምንመጣ ጋዜጣ ስንገልጥ ነገሩ ይገባናል፤ አፋችንን ስንከፍት ግን የሦስት ዓመት ሕፃን ነን። ሰው ደግሞ የሚያየው አፍን ነው። አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድም ቅዳሜ ሳልቀር የተማርኩትም ለዚህ ነው፤ ዓይኔ የደረሰበት አፌም እንዲደርስ።

የዕለቱ ትምህርት እምቢ ስለማለት ነበር። «እዚህ ሰው ‹እምቢ› አይልም» አሉ መምህርት ኩሮዳ። «‹ይከብድዎታል› ካለዎት፣ ‹እስቲ እናስብበት› ካለዎት፣ በሩ ተዘግቷል። ሁለተኛ አይገፋም።»

እጄን አወጣሁ። «ሦስተኛስ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። በኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው። ሰው ካርቶን ፍራፍሬ ይዞልህ ሲመጣ «ኧረ ምነው፣ ምን በወጣህ» ብለህ እስከ ደረጃው ድረስ ትመልስበታለህ፤ እሱ መልሶ ይገፋልሃል፤ ሦስት ጊዜ ካልተገፋፋችሁ ስጦታው ከልብ አልነበረም ማለት ነው። ምግብ ቤት ሒሳብ ሲመጣ የባሌን እኅት ካፖርት እጅጌ ተርትሬ ነው የከፈልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ትወደኛለች። ስለዚህ ለወይዘሮ ኦጋታ ጂያኦዚ፣ ማለትም በአሳማ ሥጋና በነጭ ሽንኩርት ቅጠል የሞላሁትን የሊጥ ቅቅል፣ ይዤላቸው ስሄድ «አይ፣ አያስቸግሩ፣ አይገባም» ሲሉኝ ደግ አስተዳደግ ያላቸው ሴት ናቸው ብዬ በር እጀታቸው ላይ አንጠልጥዬላቸው መጣሁ። ደግሞም አንጠለጠልኩ። ከትምህርቱ በኋላ ይህን ለመምህርት ኩሮዳ ስነግራቸው ወንበራቸውን ሳቡና ቁጭ አሉ።

«ስንት ጊዜ ሰጧቸው?»

«ሰባት።»

«እሳቸውስ?»

«ሰባቴም ብስኩት አመጡልኝ፤ በማግስቱ፣ በወረቀት የተጠቀለለ።»

አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። እዚህ የተሰጠ ነገር ሳይመለስ አያድርም፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ እኔ ግን በሴትዮዋ ቸርነት ስገረም ነበር የከረምኩት። በጡረታ የሚኖሩ ሴት፣ እኔ አንድ ሳህን ባንጠለጠልኩ ቁጥር አውቶቡስ ይዘው የሺህ የን ብስኩት ፍለጋ ይሄዱ ኖሯል። ፊቴ ጋለ። ለካ ይኸው ነው፤ እኔን የሚያውቁኝ «አይሆንም» የማይገባት ሴት አድርገው ነው። ተራውን የነፈጉኝ በዚህ ይሆናል አልኩ በልቤ፣ ትንሽም ፈረድኩባቸው፣ ትንሽም ፈረድኩላቸው።

ከዚያ ወደ ፓንግ ሱቅ ጎራ አልኩ። ፓንግ የአገሬ ልጅ፣ የፉጂያን ሰው ነው፤ ከባቡሩ ድልድይ ሥር ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ሱቅ አለው፣ የነጭ ሽንኩርት ቅጠል በዘጠና ስምንት የን ይሸጣል፣ ትልቁ ሱፐርማርኬት አንድ መቶ ሰባ ስምንት የሚለውን። ባንኮኒው ላይ ቁጭ ብሎ ነጭ ሽንኩርት እየላጠ ታሪኬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እትዬ ሹ፣ ጤና የለሽም እንዴ? እኔ አምና በኛ ሰፈር ከእንዲህ ያለ ተራ ለማምለጥ ወገቤን ታምሜያለሁ ብዬ ሁለት ሳምንት ጎብጬ ነው የሄድኩት። ሚስቴ እንኳ አምናኝ ስታሸኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ስጡኝ እያልሽ ልትጣዪ ነው!»

«አንተን ጠይቀውህ ነው እምቢ ያልከው። እኔን አልጠየቁኝም።»

መላጡን አቆመ። «እሱስ ልክ ነሽ» አለ ቆይቶ። «ግን አትችያቸውም። ከሚቆጣ ሰው ጋር ትጣያለሽ፤ ጎንበስ እያለ ይቅርታ ከሚጠይቅሽ ሰው ጋር በምን ትጣያለሽ?» ቅጠሉን በፕላስቲክ አደረገልኝ፤ ሁለት ራስ ሽንኩርት መረቀልኝ። ልመልስለት ብሞክር እጄን በጥፊ መታው። ደስ አለኝ፤ ሰው አገሩ ላይ እንዳለ የሚሰማው እንዲህ ሲሆን ነው።

ስብሰባው ስምንት ሰዓት ላይ ነበር፣ ምድር ቤት ባለው የነዋሪዎች አዳራሽ። የበር ላይ ነጠላ ጫማዎቹ በሙሉ አንድ ቁጥር ስለሆኑ ሁሉም ሰው እየጎተተ ይገባል። ሃያ ሁለት ሰው ነበርን፤ አብዛኛው ሽበታም፣ እያንዳንዱ ፊት አንድ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ሻይና አንድ ወረቀት። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ለማንበብ አልተቸገርኩም፤ አምስተኛ ፎቅ፣ አምስት መቶ አራት፣ ሳኩማ። አምስት መቶ ሦስት የሚል የትም የለም፣ የተሰረዘ እንኳ አይደለም። አጠገቤ የነበሩት ባልቴት ከረሜላ ሰጡኝና ስለ ቼሪ አበባው መዘግየት አወሩኝ፤ እኔም ስለ ቼሪ አበባው መለስኩላቸው። አቶ ኖዛኪ ከአንደኛ ፎቅ ጀምረው ያነባሉ፣ የተጠራው ሰው ይነሣል፣ ጎንበስ ይላል፣ ተራውን የጨረሰው ሰው ሰማያዊ የጨርቅ ቦርሳ ያስረክበዋል። የአዳራሹ ቁልፍ፣ የመረቡ መንጠቆ፣ ማስታወቂያው የሚጣበቅበት ሰሌዳና «ተረኛ» የሚል የክንድ ጨርቅ ያሉበት ቦርሳ ነው።

«አምስተኛ ፎቅ፣ አቶ ሳኩማ። እንደ ምንም ብለው ይርዱን።»

አቶ ሳኩማ ከዘራቸውን ፈለጉ፣ ተመርኩዘው ተነሡ፣ ለመጎንበስ ሲሉ ወንበሩን ያዙ። «በቻልኩት መጠን» አሉ። ወይዘሮ ኦጋታ ቦርሳውን ይዘው ወደሳቸው ሲሄዱ ብድግ አልኩ። ጠዋቱን ሙሉ ረጅም ንግግር ሳጠና ነበር የዋልኩት፤ አንዱም አልመጣልኝ።

«ይቅርታ» አልኩ። «ከሁለት ቀጥሎ ሦስት ነው።»

ድምፄ የአውቶቡስ ድምፅ ነው፣ ኋላ ወንበር ድረስ ለመድረስ የሰለጠነ፤ የሚቀንስበት ቁልፍ የለውም። አቶ ኖዛኪ ወረቀታቸውን አዩ፣ ጣራውን አዩ። «ወይዘሮ ሹ፣ እንዲያው ይከብድዎታል ብለን ነው» አሉ። ይኸው፤ መምህርት ኩሮዳ እንዳሉት በሩ ተዘጋ። ጠዋት ብሰማው ኖሮ እንደ ሰላምታ እቆጥረው ነበር። አሁን ግን ምን ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ፤ እያወቅሁም የአገሬን ልማድ መረጥኩ።

«አይከብደኝም።»

«ማስታወቂያዎቹ ደግሞ አስቸጋሪ ናቸው፣ አንዳንዱ ቃል…»

«አነባለሁ። የማልለውን ቃል እንኳ አነባለሁ።»

«እስቲ እናስብበት…»

ሦስት ሆነ። ሄጄ የቦርሳውን ማንጠልጠያ ያዝኩ። ወይዘሮ ኦጋታ መልቀቅም ነውር፣ መያዝም ነውር ሆኖባቸው «ኧረ ግድ የለም፣ ግድ የለም» እያሉ ሌላውን ጫፍ ጨብጠው ቀሩ። እኔ «እባክዎ፣ እባክዎ» እያልኩ ሳብኩ፤ ቻይንኛ ቢሆን ልመናዬን አሳምረው ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። እጅጌያቸውን እንዳልተረትር ብቻ ነበር ጥንቃቄዬ። ይህን ጊዜ አቶ ኖዛኪ ጠጋ አሉና፣ አንገታቸው ቀልቶ፣ ለኔ ብቻ እንዲሰማኝ አስበው ተናገሩ፤ አዳራሹ ግን ሁሉን ሰማ።

«ወይዘሮ ሹ፣ በጣም ይቅርታ። እኛ አስበነው አይደለም። ልጅዎ ኅዳር ላይ ካርቶን መንደሪን ይዘው ቤቴ መጥተው ነበር። እናቴ አትችለውም፣ ሰውም ታስቸግራለች፣ እባካችሁ ቤታችንን እለፉት ብለው ለመኑን።»

ሃያ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ወለሉን ማየት ጀመረ፤ የሰውን ውርደት ባለማየት ይህን አገር የሚያክለው የለም። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፣ አልደብቅም። የአውቶቡሴ ሞተር መክደኛ ላይ ቁጭ ብሎ ፌርማታ አብሮኝ እየጠራ ያደገ ልጅ፣ አምስት ወር ሙሉ አብሮኝ ገንፎ እየበላ፣ አፍሮብኛል። ጠዋት ሳህኑን ያጠበው ደክሞት አልነበረም። ቦርሳውን ለቅቄ ብወጣ ማንም አይፈርድብኝም ነበር፤ እንዲያውም ሁሉም ይገላገል ነበር፣ ከአቶ ሳኩማ በስተቀር። ግን ከለቀቅሁ ቦዌን ያለው እውነት ይሆናል። «አትችለውም» የተባለችው ሴት እኔ ሆኜ እቀራለሁ፣ እዚህ ሕንጻ ውስጥ እስክሞት።

«ልጄ ለኔ አስቦ ነው» አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጥኩ። «እኔን ግን አልጠየቀኝም። እናንተም አልጠየቃችሁኝም። አሁን ጠይቁኝ።»

አቶ ኖዛኪ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አምስተኛ ፎቅ፣ አምስት መቶ ሦስት፣ ወይዘሮ ሹ ላንዪንግ» አሉ ለሌሎቹ በተናገሩበት ድምፅ። «የመጪውን ዓመት ተራ ይቀበሉናል ወይ?»

ያን ጊዜ አፌ በልማድ «ኧረ እኔ ማን ነኝና፣ ሌላ ሰው ይሻላል» ሊል ምንም አልቀረው! ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነዋ ያደግሁት፤ ሰው ሲያከብርህ መጀመሪያ እምቢ ትላለህ። እዚህ ደግሞ አንዴ እምቢ ካልኩ አለቀልኝ። ምላሴን ነከስኩ።

«እቀበላለሁ» አልኩ። ወይዘሮ ኦጋታ ቦርሳውን በሁለት እጅ ሰጡኝ። አቶ ሳኩማ ወንበራቸው ላይ ተዘረፈጡና «እፎይ!» አሉ፣ በጣም ጮክ ብለው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ደረጃውን በእግሬ ወጣሁ፣ አሳንሰር አልፈለግሁም። በየፎቁ የተለየ ነገር አሰብኩ። ሁለተኛው ላይ ልሰድበው ነበር። ሦስተኛው ላይ ትኬት ቆርጬ ሼንያንግ ልመለስ ነበር። አራተኛው ላይ ስድስት ዓመት ለዚህ ሁሉ ሰው ብቻውን ሲያጎነብስ የኖረ እሱ መሆኑ ትዝ አለኝ፤ ቢሮው ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሳንሰር ውስጥ በቻይንኛ ስልክ ሳያነሳ። የኔን ድምፅ የፈራው ለዚህ ነው። ቁጣዬ አልጠፋም፤ ግን ልጄ ነው። አምስተኛው ላይ ቦርሳውን ከፍቼ የክንዱን ጨርቅ አሰርኩ። የተረኛ የመጀመሪያ ሥራ የአዲሱን ዓመት ማስታወቂያ በየቤቱ አድርሶ፣ እዚህ እንደ ፊርማ የሚያገለግለውን የቤቱን ማኅተም ማስመታት ነው፣ ከራሱ ቤት ጀምሮ። ቁልፌ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ደወሉን ተጫንኩ።

«ቁልፍሽን ጥለሽ ነው?» እያለ ከፈተ። ከዚያ ክንዴን አየ። ቦርሳውን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ፤ ማወቄን አወቀ።

«እንደምን ዋሉ» አልኩት በጃፓንኛ፣ መምህርት ኩሮዳ እንዳስተማሩኝ እጆቼን ከፊቴ አጣምሬ። «የአምስተኛ ፎቅ ተረኛ፣ ሹ ነኝ። የአዲሱ ዓመት ማስታወቂያ ነው። ማኅተምዎን እባክዎ።»

«እማ፣ እኔ…» አለ በቻይንኛ። ቀጣዩን ቃል ጠበቅሁት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። በኛ ቤት ልጅ እናቱን ይቅርታ አይጠይቅም፤ የሚነገር ነገር አይደለም፤ አባቱም የራሱን እናት ጠይቆ አያውቅም ነበር። ሰሌዳውን ትንሽ ከፍ አደረግሁለት። ገባና የቤቱን ማኅተም ይዞ መጣ፣ አምስት መቶ ሦስት ከሚለው ጎን ጫን አድርጎ መታ። ቀይ ክብ ወጣ፣ ጥርት ያለ።

ሥራው አልቋል፤ መሄድ እችል ነበር። እሱ ግን እጆቹን ከጎኑ ዘርግቶ ቆመ፤ እዚህ አገር ማንኛውም ቤት ለአዲስ ተረኛ የሚለውን ነገር፣ ማንም ሳያስበው እንደ እግዜር ይስጥልኝ የሚለውን፣ በዚያ ጥርት ባለ የቢሮ ጃፓንኛው አለኝ። «በዚህ ዓመት እናስቸግርዎታለን። ይቅርታ ያድርጉልን።» ጎንበስም አለ። ጎረቤት ለተረኛ ሲያጎነብስ ለአፍታ ነው፣ ወዲያው ይቃናል። ቦዌን አልተቃናም። መተላለፊያው ላይ ነፋስ ይገባል፣ ታች ልጆች ይንጫጫሉ፣ እሱ ጎንበስ እንዳለ ነው፤ ማጅራቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«ተቀብያለሁ፣ ልጄ» አልኩት በቻይንኛ። «ቀና በል።»

ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደበት። እኔም አልቸኮልኩም።